የማርስ ሰፈራ በሞጣ

ስሜነሽ «ሰፈራ» የሚለውን ቃል ከልጇ አፍ ስትሰማ ለገበያ ቃሪያ እየለየች ነበር። እጇ ባለበት ቀረ።

«የምን ሰፈራ?»

«የማርስ ነዋ እማዬ። ክለባችን የሚሠራው። እኔና ሀሲና ልንገባ ተመርጠናል» አለች ሊድያ።

ሊድያ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የሳይንስ ክለቡ ልጆች ከኬሚስትሪ መምህራቸው ከኡበይዳ ጋር ሆነው በትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ከባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ አንዲት የላስቲክ ቤት ሠርተዋል። ነገሩን ሊድያ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ሰዎች ሌላ ፕላኔት ላይ ለዘለቄታው ሊሰፍሩ ያስባሉ። እዚያ የሚተነፈስ አየር የለም። ስለዚህ ቤቱ ድፍን ይሆናል፤ አየሩም ውሃውም እዚያው ውስጥ እየተመላለሰ ሰው ማኖር አለበት። ክለቡ ይህን በትንሹ ሊሞክር ነው። ሁለት ልጆች ቅዳሜን ከጠዋት እስከ ማታ ከጎመን ችግኝ ጋር ተዘግቶባቸው ይውላሉ። በሰላም ከዋሉ ክለቡ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሥራውን ያሳያል።

«መሬቱስ እንዴት ነው ይላሉ?» አለች ስሜነሽ።

«የማርስ? ቀይ ነው። አቧራ።»

«ቤቱ ተሠርቶ ይጠብቃቸዋል?»

«አይ፣ ሄደው ነው የሚሠሩት።»

ስሜነሽ እምቢ ማለት የለመደባት ሴት አይደለችም። በሕይወቷ ትልልቁን ነገር ሁሉ ሌላ ሰው ነው የቆረጠላት።

ከቢቸና አጠገብ ካለ መንደር ነው የተወለደችው። ሦስተኛ ክፍል ሳለች የሰፈራ መኪና መጣ። ጥቁር አፈር አለ፣ ቤት አለ፣ በሬ አለ ተባለ፤ አባቷም ተመዘገበ። ወደ በለስ ቆላ ሲወርዱ ያገኙት ሙቀትና ቁመት የሚውጥ ሣር ነበር። ቤቱን ራሳቸው ሠሩት። ከዚያ ወባው መጣ። ትኩሳት የያዘው ሰው ዳር ወዳለ ድንኳን ይወሰዳል፤ ወደ ድንኳኑ ሲገባ እንጂ ሲወጣ የታየው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰዉ መታመሙን ይደብቅ ጀመር። ታላቅ ወንድሟ ፋንታም ደበቀ። ጠዋት ጠዋት እየተንቀጠቀጠ ከምንጣሮው ቦታ ይሄዳል፣ እናቱ ስትጠይቀው «ደህና ነኝ» ይላል። አንድ ቀን ለምሳ ሲጠሩት ዛፍ ተደግፎ ተገኘ። መጥረቢያው ጭኑ ላይ ነበር፤ እሱ ግን አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ወደ ቢቸና ሲመለሱ መሬታቸው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ስሜነሽም ከትንንሽ ልጆች ጋር አግዳሚ ላይ መቀመጥ አፍራ ትምህርቷን እንደተወች ቀረች። ሰው ቤት ተቀጥራ ሠራች። ሽታሁን የሚባል ግንበኛ አግብታ ሞጣ ገባች። እሱ ሲሞት ሊድያ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ የጉልት ገበያና ይህችው ልጅ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቷ መዋል ስላቃታት ትምህርት ቤት ሄደች። የሀሲና እናት ዘይዳ ቀድማት ደርሳ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ቆሎ ይዛ ተቀምጣለች። ዘይዳ ከገበያው ራስጌ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ አባት አያቶቿም ሞጣ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው።

ልጆቹ ገቡ። መምህር ኡበይዳ የበሩን ዙሪያ በሰፊ ፕላስተር ለጥፎ ደፈነው። ከጅማ ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ወጣት ነው። ወደ እናቶቹ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ ስሜነሽ፣ አይጨነቁ። ውስጥ የአየር መለኪያ ሰቅለናል። ቁጥሩን እየጮኹ ያነቡልኛል። ራሳቸውን ካመማቸው ደግሞ ያንኳኳሉ፣ ወዲያው እንከፍታለን።»

«ከተከፈተስ?»

«ሙከራው ያበቃል። ሌላ ምንም የለም።»

«እኔስ ለአንድ ቀን እንኳ ብትዘጋልኝ እሰየው ነው» አለች ዘይዳ። «ከዚያ ስልኳ ትላቀቃለች። ምግቡን ደግሞ ሽሮ ፍርፍር አድርገንላቸዋል፣ በሥጋ እንዳይጣሉ። ማርስ ላይ የማን ቢላ ያርድ ይሆን?»

«አንቺ ቀልጂ» አለች ስሜነሽ።

«ምን ላድርግ ታዲያ? ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ነው ወሬ የማበዛው።»

ስሜነሽ ወደ መምህሩ ዞረች። «እዚያ ማርስ የሚሉት አገር ሰው ቢታመም ለዘመዱ ይነግራል?»

«ይነግራል። ግን ሩቅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ድምፁ እዚህ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። የእኛ መልስም እንደዚያው።»

«እስከዚያማ ሰደቃውም ወጥቶ ያልቃል» አለች ዘይዳ።

መምህሩ ሳቅ አለ። ስሜነሽ አልሳቀችም። «መመለስስ?» አለችው።

«ለዘለቄታው የሄደ ሰው…» ብሎ ዓይኑን ወደ ላስቲኩ ቤት መለሰ። «ላይመለስ ነው የሚሄደው።»

እስከ እኩለ ቀን ሁሉም ደህና ነበር። ልጆቹ ቁጥሩን እየጮኹ ያነባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ለጎመኑ ዘፈን እንዘፍንለታለን ይላሉ። ፀሐይዋ ስትዞር ግን ጥላው ከላስቲኩ ሸሸ። ላስቲኩ ከውስጥ አላበው፤ ጠብታው መውረድ ጀመረ። የልጆቹ መልክ ደበዘዘ። ከምሳ በኋላ ሊድያ መለኪያው ጠፋ ብላ ተጣራች። ባትሪው አልቋል። መምህሩ ሞጣን ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ዓይነቱን አጥቶ ተመለሰ። ጥቂት ቆሞ ላስቲኩን አየና፣ «እንግዲህ በየጊዜው እየጠየቅኋቸው እንቀጥላለን» አለ።

«አይከፈትም?» አለች ስሜነሽ።

«እነሱ ካላመማቸው ምን ብዬ እከፍታለሁ? ብዙ ለፍተውበታል።»

ልክ ነው። ሊድያ ለዚህ ቤት ስትል ሳምንቱን ሙሉ አፈር ስትሸከም ከርማለች። ስሜነሽ መልሳ ተቀመጠች። መቀመጥ ግን አልሆነላትም። ዓይኗን ከላስቲኩ መንቀል አቃታት። ሳቁ ቆሟል። አንደኛዋ ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ሌላዋ የችግኝ ሣጥኑን ተደግፋለች። የቷ የቷ እንደሆነች አይለይም።

መምህሩ ቀረብ ብሎ፣ «ሊድያ፣ ራስ ምታት አለሽ?» አለ።

«ኧረ ደህና ነኝ ቲቸር።»

«ሀሲናስ?»

«ደህና ነኝ።»

ሊድያ መልሱን ያወጣችው ጥያቄው ሳያልቅ ነው። እንደዚያ ተጣድፎ የሚመልስ ሰው ስሜነሽ ታውቃለች። ተነስታ ሄደች፣ ግንባሯን ከላስቲኩ አስጠጋች። ሙቀቱ ፊቷን መታት።

ደህና ነሽ ወይ ብላ ብትጠይቃት ያው «ደህና ነኝ» እንደምትላት ታውቃለች።

«ሊድያዬ» አለች፣ «ሀሲና እንዴት ናት?»

«እሷማ አሟታል እማዬ» አለች ሊድያ ቀስ ባለ ድምፅ። «ሁለቴ አቅለሽልሿታል። አታንኳኪ ያለችኝ እሷ ናት፤ ደብረ ማርቆስ እንዳይቀርባት።»

«ውሸቷን ነው እትዬ ስሜ» አለች ሀሲና ከወዲያ፣ ድምፇ እየተጎተተ። «እሷ ናት ያመማት። እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ ዝም ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው።»

ዘይዳ ከምንጣፉ ብድግ አለች። ቆሎው ተበተነ። መምህሩ ፊቱ አመድ መሰለ፤ እጁን ወደ በሩ ዘረጋና ለአፍታ ቆመ። የቆመው ለምን እንደሆነ እሱም በኋላ ሊያስረዳ አልቻለም። ስሜነሽ ግን አልጠበቀችውም። ፕላስተሩን በጥፍሯ ፈልቅቃ ገሸለጠችው። ከዚያ እሱም ተከተላት፣ ዘይዳም ተከተለቻት፤ ሦስቱም እየተገፋፉ በሩን ቦጨቁት።

የወጣው አየር እንደ እርጥብ ጨርቅ ከባድ ነበር። ሀሲና እንደወጣች አስመለሳት። ሊድያ ሁለት እርምጃ ሄዳ ሣሩ ላይ ተዘረጋች። ውሃ አርከፈከፉባቸው፣ በነጠላ አራገቡላቸው። ቆይቶ ቆይቶ ከንፈራቸው ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

«እናንተ ልጆች» አለች ዘይዳ እያለቀሰች፣ «በይሉኝታ ልትሞቱ ነበር።»

ሊድያ ተነስታ ስትቀመጥ መጀመሪያ ያየችው የተቦጨቀውን በር ነው። እንባዋ መጣ። «ትንሽ ነበር የቀረን» አለች። ለማን እንዳለችው አልታወቀም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ቀድማ ቀድማ ሄደች። ከአጥሩ ሲደርሱ ቆማ ጠበቀቻት።

«እዚያ ቢሆን ማንም ከውጭ አይከፍትም ነበር» አለች። «እኛው ነበርን መፍትሔ የምንፈልገው።»

«እዚያ ብከፍተው የምገድልሽ እኔ ነኝ» አለች ስሜነሽ። «አየር የለም ብለሽኝ የለም? ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ ነበር። እዚህ ቢያንስ እከፍታለሁ።»

ሊድያ ገብታ ተኛች። እሑድንም ሙሉ ካስፈላጊ ነገር በቀር አላነጋገረቻትም።

ሰኞ ከሰዓት መምህር ኡበይዳ ገበያ ድረስ መጣ። ሊድያ ከኋላው ቆማለች። ጉልቱ ፊት ሲደርስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አቀረቀረ።

«ይቅርታ ልልዎ ነው የመጣሁ። ባትሪው ያለቀ ጊዜ መክፈት ነበረብኝ።»

«አንተም እንደነሱ ጓጉተህ ነው» አለች ስሜነሽ። «አልተቀየምኩህም።»

«ደብረ ማርቆስ የምናሳይበት ቀን ተራዝሟል። ላስቲኩን ቀይረን፣ ትርፍ ባትሪ ይዘን፣ መለኪያው ከጠፋ ወዲያው ልንከፍት ተስማምተናል። ስለ አንዷ ከራሷ ይልቅ ጓደኛዋን ጠይቁ የሚለውንም ከእርስዎ ይዘነዋል። ዘይዳ ለሀሲና ፈቅዳለች። እርስዎ ግን እምቢ ካሉ አላስገባትም፤ ሌላ ልጅ ትገባለች።»

ስሜነሽ ልጇን አየቻት። ሊድያ መሬት መሬት እያየች የነጠላዋን ጫፍ ታጠነጥናለች። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በጨዋ ደንብ ተጠይቃለች፣ እምቢ ብትልም የሚቀየማት የለም፤ ከልጇ በቀር። ሊድያ ደግሞ ዛሬ እናቷ ላስቲኩን ብትከለክላት ነገ ትምህርቷን ጨርሳ ማንንም ሳትጠይቅ የምትሄድበት ብዙ ቦታ አለ። የስሜነሽ አባት ለሰፈራው ሲመዘገብ ቤተሰቡን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ እሷ ራሷ ምን ትለው እንደነበር ልታስበው ሞከረች። አላወቀችውም።

«ማን ነው ከውጭ የሚቀመጥ?» አለች።

«እኔ ነኝ። እርስዎም ከፈለጉ።»

«ትግባ» አለች።

ሊድያ ቀና አለች፤ ፊቷ ፈካ። አመሰግናለሁም ሳትል ለሀሲና ልትነግራት ወደ ዘይዳ ሱቅ ሮጠች። ስሜነሽ በሰው መሀል እስክትጠፋ ከኋላዋ አየቻት።

«መቼ ነው?» አለችው መምህሩን።

«ገና ሁለት ሳምንት አለ።»

ሁለቱን ሳምንት እንቅልፍ እንደማይወስዳት ያን ጊዜውኑ ታወቃት።