በእብናት መንገድ የፈሰሰ ዘይት

ሥራዬ የከብት ሕክምና ነው። ደብረ ታቦር ተቀምጬ በዙሪያው ያሉትን ቀበሌዎች የማዳርሰው በአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። ከእኔ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች ነድተዋታል፤ ለእኔ ስትደርስ መቀመጫዋ ተቀድዶ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋም ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ አልከበደኝም። ያደከመኝ ዘይቷ ነው።

መጀመሪያ በቀኝ በኩል፣ ከፍሪሲዮኑ ክዳን ሥር ማንጠባጠብ ጀመረች። አንድ የከተማው መካኒክ ክዳኑን ፈትቶ ጓርኒሲዮኑን፣ ያን በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባውን ስስ ወረቀት፣ ቀየረልኝ። ተገላገልኩ ብዬ ሳልጨርስ በግራ በኩል መጣ። ከሰንሰለቱ ጥርስ ኋላ ያለው የላስቲክ ቀለበት አልቋል ተባለ። ቀለበቱ ደግሞ ከከተማው ጠፋ። ከባሕር ዳር እንዲመጣ ስንጠብቅ መንገድ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈት የመጣው ቀለበት ልኩ አልነበረም። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት በየማለዳው መጥረጊያቸውን ይዘው ይወጡና የጠቆረውን ንጣፍ ድንጋይ እያዩ፣

"ዛሬም ፈሰሰች?" ይሉኛል።

"ፈሰሰች፣ እትዬ።"

ካርቶን አነጥፍላታለሁ፣ ዘይት እጨምርላታለሁ፣ እነዳታለሁ። እንዲህ እያልን ክረምቱ ገባ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት በእብናት መስመር ካለች መንደር ስልክ ተደወለ። ላማቸው ብታምጥ ብታምጥ መውለድ ያቃታት አንዲት ባልቴት ናቸው። "እግሩ ብቻ ወጥቶ ቀረ፤ ድረስልኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ዘይቷን አየሁ፣ የጎደለውን ሞላሁ፣ ወጣሁ።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ የኋላው ጎማ ተንሸራተተና ጭቃው ላይ በጎኔ ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰብኝም። ሞተር ሳይክሏን ሳቀናት ግን ከሰንሰለቱ እስከ ጎማው በዘይት ታጥባለች። የዘይት መለኪያውን አውጥቼ ባየው ጫፉ እንኳ አልረጠበም። እንዲያ ሆና ብነዳት ሞተሩ ተቃጥሎ ይቀራል። የሚያፈሰውን ቦታ በጨርቅ ልጠመጥም ሞከርኩ፤ እጄ እስከ ክርኔ ጠቆረ እንጂ የፈየድኩት ነገር የለም። ከአንድ ገበሬ አጥር አስጠግቼ ተውኳትና ቦርሳዬን አንግቼ በእግሬ ቀጠልኩ።

ስደርስ ባልቴቷ ከበረቱ ደጃፍ ቆመው ይጠብቁኛል። ላሟ ተጋድማ ታቃስታለች። እጄን ሲያዩ ክው አሉ።

"በዚህ እጅህ ልትገባ ነው?"

"ጓንት አለኝ፣ እናቴ። ግን አጭር ነው። ክንዴ መጥራት አለበት።"

ሳሙና አመጡ፤ አልለቀቀም። አመድ ጨመሩበት። በመጨረሻ እንዶድ ወቅጠው መጡና ክንዴን እንደ ሕፃን ልጅ ክንድ ይዘው ያሹኝ ጀመር። "ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ! እንዲህም የሚጣበቅ ዘይት አለ?" ይላሉ። እሳቸው ያሻሉ፣ ላሟ ታቃስታለች፣ እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ።

የጥጃው አንገት ወደ ኋላ ታጥፎ ነበር። ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ አንገቱን አቃናሁ፣ እግሮቹን በገመድ አሰርኩ። ባልቴቷና አንድ ጎረቤታቸው እኔ "በሉ" ስል እየጠበቁ ሳቡልኝ። ወጣ። ሞቶ ነበር።

"ቀደም ብዬ ብደርስ ኖሮ…" አልኩ።

"ተው፣ ልጄ። ስደውልልህም መንቀሳቀሱን ትቶ ነበር። እናቲቱን እንድታተርፍልኝ ነው የጠራሁህ።"

እውነታቸውን ይሁን ሊያጽናኑኝ ብለው፣ ዛሬም አላውቅም። ላሟን መርፌ ወጋኋት። ቆይታ ተነሥታ ውሃ ስትጠጣ ሳይ እኔ በተራዬ በረቱ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፍልሰታ ነውና እሳቸው ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምሱም። ለእኔ ግን ቂጣ በተልባ አቀረቡልኝ። "አንተ መንገደኛ ነህ፤ ብላ" አሉኝ። በላሁ።

ሞተር ሳይክሏን አንድ የጭነት መኪና ጭኖ ደብረ ታቦር አስገባልኝ። መካኒኩ በማግስቱ ፈታታት። ከሞተሩ አናት የሚወጣውን ቀጭን ቱቦ ነቅሎ ቢነፋበት ትንፋሽ አላሳልፍ አለ። በሽቦ ሲጎረጉረው ደረቅ ጭቃ እየተፈረፈረ ወጣ።

"መተንፈሻዋ ነው" አለኝ። "ይሄ ሲደፈን ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ይገፋዋል። አንዱን ስንዘጋ በሌላው የመጣብን ለዚህ ነው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ?"

"አላየሁትማ። አንተም አላየኸው።"

ለመቆጣት የሚሆን ጉልበት ሁለታችንም አልነበረንም። ቱቦውን አጥቦ መለሰው፤ የላስቲኩን ቀለበትም ከሌላ አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ አውጥቶ ገጠመልኝ። ከዚያ ወዲህ መፍሰሷ ቀንሷል። ፈጽሞ ግን አላቆመም።

ኅዳር ላይ ለክትባት ወደዚያች መንደር ስወርድ ባልቴቷ ከእርሻቸው ዳር ጠርተው አስቆሙኝ። ላሟ ድና ኮርማ መቀበሏን ነገሩኝ፤ ግባና አረፍ በል ብለውም ለመኑኝ። ደክሞኝ ስለነበር መግባቱን ወድጄ ነበር፤ ነገር ግን ከወንዙ ማዶ ከብቶቻቸውን ሰብስበው የሚጠብቁኝ ሰዎች ነበሩ። አመስግኜ ሞተሩን አስነሣሁ።