በኅዳር የዘነበው ዝናብ

ሸዋ ሮቢት የሄድኩት ለአንድ የማሽላ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ነበር። የአዲስ አበባዎቹ ተመራማሪዎች አፈሩን ይመረምራሉ፣ እኛ ሰብሉን እንከታተላለን፣ ውጭ አገር ያለ አንድ ባለሙያ ደግሞ ሁሉንም አገናኝቶ ያሰላል። የእኔ ድርሻ ከየማሳው የሚመጣውን ቁጥር በአንድ ሰንጠረዥ አሰናድቼ ለሁሉም ማዳረስ ነው። ቢሮዬ አስፋልት ዳር ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ላፕቶፑ በሙቀት እንዳይጠፋብኝ ቬንቲሌተሩን ወደ እሱ አዙሬ እኔ በላብ እጠመቃለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ ለሚኒባስ ሹፌር አደራ እሰጣለሁ። አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

የዝናቡን ልኬት የሚሰጡን በአቅራቢያችን ጀውሃ በምትባል መንደር የሚኖሩ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ የዝናብ መለኪያ ተተክሏል፤ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ለክተው በደብተር ይጽፋሉ። እኔ በየሳምንቱ እየሄድኩ ደብተሩን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። የማሾ ንፍሮ ሳልቀምስ ከዚያ ግቢ ወጥቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ከውጭ አገሩ ባለሙያ ኢሜይል መጣ። «የጀውሃው መዝገብ አያስተማምንም፤ ማሽላው በሚታጨድበት ወር ከባድ ዝናብ ጥሏል ይላል» ብሏል። ወዲያው የጥናቱ መሪ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ።

«ሰውዬው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከልቡ እየፈጠረ ነው የሚሞላው። መዝገቡን ከነአካቴው አውጪው።»

«ዶክተር፣ እሳቸው እንዲህ አያደርጉም።»

«ታዲያ በኅዳር ያን ሁሉ ዝናብ ማን አየ?»

«ሄጄ ልጠይቃቸው» አልኩ።

በማግስቱ ጀውሃ ሄድኩ። አዛውንቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የማሽላ ዘር ይመርጣሉ።

«ጋሼ፣ አምና በኅዳር ዘንቦ ነበር?» አልኳቸው።

ሳቁ። «በኅዳር ቢዘንብማ ማሽላችን አውድማ ላይ በበቀለ። ማነው ዘነበ ያለሽ?»

«አንቱ ጽፈውታል ይላሉ።»

ሳቃቸው ጠፋ። ገብተው ደብተሩን አመጡና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። «ሶላቴን እንደማላሳልፍ ይህቺን ልኬት አሳልፌ አላውቅም። ወላሂ፣ ታምሜ እንኳ ልጄ ደግፋኝ ነው የለካሁት። ውሸታም አሉኝ?»

ደብተሩን ገለጥኩ። በትልልቅ ፊደል «ሐምሌ» ይላል፤ ከሥሩ 3/11፣ 4/11፣ 5/11 እያለ ይወርዳል። ሐምሌ አሥራ አንደኛ ወራችን ነው። እኔ ስገለብጥ ዓመቱን ብቻ ወደ ፈረንጅ ቀይሬ ወሩንና ቀኑን እንዳለ ትቼዋለሁ። ፈረንጁም አሥራ አንድን በራሱ አቆጣጠር ኖቬምበር፣ ማለትም ኅዳር ብሎ አነበበ። ኮምፒዩተሩ «አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም» ብሎ ጳጉሜን አልቀበል ሲለኝ እንኳ አልነቃሁም፤ ቀኖቹን ከመስከረም ጋር ደርቤ አልፌው ነበር።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ደብተሩን ከጉልበቴ ላይ አንስተው ዘጉት። «ሁለት ዓመት ሰጠኋችሁ» አሉ። «ወስዳችሁ ምን እንዳደረጋችሁት ግን ተመልሶ የነገረኝ የለም። ብታሳዩኝ ኖሮ ስህተቱን እኔው ባየሁላችሁ።»

ሦስት ቀን ሙሉ እያንዳንዱን ቀን አስተካከልኩ። ከዚያ ለሁሉም ኢሜይል ጻፍኩ፤ ስህተቱን የሠራሁት እኔ መሆኔን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀመጥኩ። የውጭ አገሩ ባለሙያ አመሰገነኝ፤ ዝናቡና ሰብሉ ገጥመውለታል። መሪያችን ደግሞ በሦስተኛው ቀን መኪና አስነስተው ጀውሃ ድረስ መጡ።

«አባቴ፣ ሳላጣራ ስምዎን አጥፍቻለሁ» አሏቸው ቆመው።

«አፉ ብያለሁ፤ ይቀመጡ» አሉ አዛውንቱ። ንፍሮው ቀረበ።

ከዚያ ወዲህ ፋይሉን ለተመራማሪዎቹ በላክሁ ቁጥር አንድ ቅጂ ለእሳቸው አትሜ እወስድ ነበር። የየቀኑ ዝናብ በቋሚ መስመሮች ተሥሎ ሲያዩት ጎረቤቶቻቸውን ይጠራሉ። «ይቺ ረጅሟ ጎርፉ የመጣ ቀን ናት» ይላሉ በጣታቸው እያሳዩ። አንዲት ጎረቤታቸው፣ «ያን ቀን እኮ ከወንዙ ማዶ ጠብ አላለም!» ብላ ተከራከረች። ያን ክርክር ጽፌ ላክሁት፤ በተከታዩ ክረምት ከወንዙ ማዶም መለኪያ ተተከለ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ወቅት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ዛሬ አዲስ አበባ ነኝ። መረጃው ከመሣሪያ በቀጥታ ይመጣል፤ ንጹሕ ነው፣ ማን ጋ እንደዘነበ ግን አላውቅም። ባለፈው ክረምት ናፍቀውኝ ደወልኩላቸው። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝና፣ «እዚያስ ዘነበ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ትናንት በጣም ዘነበ።»

«ልኬቱስ ስንት ነበር?»

አላወቅኩም።