ወሰን ያለፈች ዋልያ

በደርግ ጊዜ ከደባርቅ ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ሙሽራ ልበል እንጂ ሥራዬ ገብስ መጠበቅ ነበር። ባሌ ዳባት መንገድ ሥራ ገብቶ በወር አንዴ ነው ብቅ የሚለው። ወንጭፍ እንደምችል ያዩት አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ማሳውን ለእኔ ተዉልኝ፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ሳባርር እውል ነበር።

የተወለድኩት ግን እዚያ አይደለም። የተወለድኩባት መንደር ለዱር አራዊት በተከለለው ፓርክ ውስጥ ነበረች። ለዋልያው ሲባል ተነሡ ተባልን፤ ቤታችን ፈረሰ፤ አባቴና እናቴ ደባርቅ ዳር አንድ ክፍል ተከራይተው ገቡ። ጎተራዋ ጎድሎ የማያውቅ እናቴ እህል በጣሳ ትገዛ ጀመር። ስለዚህ ዋልያ ጠላቴ ነበር። አልዋሽም፣ ስሙ ሲነሣ ያንገሸግሸኝ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ገብሱ ወተት ሲይዝ፣ አንዲት ዋልያ ከነግልገሏ ማሳው ጫፍ ላይ ቆማ አየኋት። ቀና ብላ አየችኝና ማኘኳን ቀጠለች። በእኛ በኩል ባለው ገደል ዋልያ ከታየ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የድሮ ሰዎች በጠብመንጃ ጨርሰው ቀንዱን የጠላ መጠጫ አድርገውታል። የፓርኩ ወሰንም ከእኛ ሁለት ሸንተረር ወዲያ ነው። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ወሰኑን አልፋ ከመጣች ወሰኑም ተከትሏት ይመጣል። እንደገና ልንነሣ ነው።

ድንጋይ ወረወርኩባት፤ ሳትኳት። እየሮጥኩ ሄጄ ለአማቴ ነገርኳቸው።

አማቴ ሚሊሺያ ነበሩ፤ ወዲያው ጠብመንጃቸውን አነሡ። ደግነቱ ዕለቱ የሚካኤል ማኅበር ነበርና ነገሩ እዚያ ቀረበ። ቄሱ ግድያውን አልወደዱትም።

«ብትገድሏት አሞራ ይሰበሰባል፤ አሞራውን ያየ ስካውት ደጃችሁ ይመጣል» አሉ። ስካውት የምንለው የፓርኩን ጠባቂ ነው።

በመጨረሻ ማንም እንዳይገድል፣ ማንም አየሁ እንዳይል ጽዋው ላይ ተማማሉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ብለው ቄሱ አሰሩት። ዋልያዋን ወደመጣችበት የመመለሱ ሥራ ለእኔና ለወንጭፌ ተሰጠ።

ጠዋት አባርራታለሁ፣ በማግሥቱ ትመጣለች። እኔም እልኸኛ፣ እሷም እልኸኛ። ከሳምንት በኋላ ግን ግልገሉን እንዳልመታ ብዬ ድንጋዩን ወደ ጎን እወረውር ጀመር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ስካውቱ መጣ። ማሳው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለና የሆነ ነገር በመዳፉ አንሥቶ አሳየኝ።

«ይህ የምን በጠጥ ነው?»

«የፍየላችን» አልኩ።

«ፍየል አላችሁ?»

«ሞልቶ!»

በመንደራችን አንድ ፍየል የለም። ብርዱን የሚችለው በግ ነው።

«እንግዲያውስ በሚመጣው ሳምንት ስመለስ አያቸዋለሁ» ብሎ ሄደ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደ። አማቴ ሲሰሙ «ሞልቶ? አንድ ብትዪ ምን ነበረበት!» ብለው ጮኹብኝ። ቢሆንም ሁለት በግ ነድተው በሊማሊሞ ቁልቁል ዛሪማ ወረዱና በሦስት ፍየል ለውጠው ተመለሱ። የቆላ ፍየሎች ናቸው፤ ገና ዳገቱን ሳይጨርሱ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። እኛ ቤት ሲደርሱ ምድጃው ዙሪያ ተኙ፤ በዱላም በልመናም የሚወጡ አልሆኑም። አንዷ በጣም ስላሳዘነችኝ የባሌን ጋቢ ደረብኩላት።

ስካውቱ በቀጠሮው ቀን በጠዋት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጋቢ የለበሰችውን ፍየል ብዙ አያት።

«እነዚህ ናቸው ገደል ለገደል የሚሄዱት?»

«አዎን» አሉ አማቴ፣ ቀና ሳይሉ።

ያን ጊዜ ነው ዋልያዋ ግልገሏን አስከትላ አፋፉ ላይ የወጣችው። ውርጩ ገና አልቀለጠም። በበሩ በኩል ፍንትው ብላ ትታያለች። ስካውቱ አያት፤ ማየቱንም አየን።

«ያችኛዋ ፍየላችሁ ግን ብርድ አትፈራም» አለ።

ማንም አልሳቀም። እኔ መሬት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የፈረሰውን ቤታችንን፣ የእናቴን ጣሳ፣ ሁሉን ዘረገፍኩለት። «በል ጻፈውና አስነሣን! የት እንደምንገባም አብረህ ጻፍ!» አልኩት።

መደቡ ላይ ተቀመጠ። አማቴ ያቀረቡለትን ቆሎ ቆረጠመ።

«ዋልያ ስቆጥር ስንት ዓመቴ፤ ሲያንስ እንጂ አዲስ ገደል ሲይዝ አይቼ አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ይህች የመጀመሪያዬ ናት። ጠብመንጃ ካለበት መንደር ከነግልገሏ ሰነበተች።» ከዚያ ወደ አማቴ ዞረ። «አባቴ፣ እኔ የምቆጥረው እስከ ወሰኑ ነው። ከወሰኑ ወዲህ ያሉትን እርስዎ ይቁጠሩልኝ። ከጎደሉ ግን እጽፋለሁ።»

አማቴ አላመኑትም። እኔም አላመንኩትም። በጋውን ሙሉ የመኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር ዕቃ እንሰበስብ ነበር። የሚያስነሣን ግን አልመጣም። የሚመጣው እሱ ነው፤ ደጅ ላይ ቆሞ «ስንት ሆኑ?» ይላል፣ እንነግረዋለን፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ሌሎች ሦስት ተጨምረው ነበርና አማቴን ቀድሜ «አምስት!» ብዬ ጮኽሁ። አማቴ ሳቁብኝ። እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ራሴንም ገረመኝ። ፍየሎቹን ለፋሲካ በላናቸው፤ ይቅር ይበለን።

በዓመቱ እናቴ ከደባርቅ ለአጨዳ ልታግዘን መጣች። ስለ ዋልያዎቹ አልነገርኳትም፤ ፈርቼ ነው። ማጭዷን ይዛ ቀና ስትል ገደሉ አፍ ላይ አየቻቸው። ቆመች። አሁን ትረግማለች ብዬ ስጠብቅ፣

«እኛ ሳለንም እኮ ነበሩ» አለች። «ጠዋት ጠዋት ከደጄ ሆኜ አያቸው ነበር።»

አማቴም ሰምተዋት ኖሮ አጨዳቸውን ሳያቆሙ፣

«ደጅ ከፈለጉ ከእኛ ጎን ቦታ አለ። ገበሬ ማኅበሩን እኔ እጠይቃለሁ» አሏት።

እናቴ ጎንበስ ብላ ማጨዷን ቀጠለች። ያን ዓመት ግን ወደ ደባርቅ አልተመለሰችም። ታኅሣሥ ላይ አባቴ ቀሪውን ዕቃ በአህያ ጭኖ ተከትሏት መጣ።