ስሕተት የሌለበት የሕይወት ታሪክ

በእንዳ ኢየሱስ ሰፈር ጨርቅ የምትሸጠው ራኬብ በመጻሕፍት ላይ ስትፈርድ ምሕረት አታውቅም። አስፈሪ ልብ ወለዶችን እየተከራየች ታነባለች፤ አከራዩም እርሷ የነቀፈችውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ያወርዳል። ጡረተኛው መምህር ሥዩም የሕይወት ታሪካቸውን ከማሳተማቸው በፊት ረቂቁን የሰጧት ምስክርነቷን ፈልገው ነው።

ረቂቁን ልትመልስ ቤታቸው መጣች። «ጋሽ ሥዩም፣ ሰሞኑን ባነበብኩት ልብ ወለድ ነፍሰ ገዳዩ እንኳ ተጸጽቷል። እርስዎ ግን ዕድሜ ልክዎን አንዴም አልተሳሳቱም። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ተዋበች ከት ብለው ሳቁ። «ስለ ስሕተትህ እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ ሁለተኛ ቅጽ ይወጣው ነበር!»

ፍርዱ ከባድ ቢሆንም የተገባ ነበር። መምህሩ እንዳኮረፉ ብዕራቸውን አነሡ።

«እሺ፣ ከየት ልጀምር?»

«ከሠርጋችን ቀን» አሉ ወይዘሮ ተዋበች።