ትሑቱ ሊቀመንበራችንና የጽጌ ጥላ

«በትሕትና የሚበልጠኝ ካለ ይነሳ!»

ይህን ያሉት የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ፣ የጅቡቲ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ማይክ ጨብጠው።

የተጋበዙት ስለ ትሕትና እንዲናገሩ ነበር። ስለ ራሳቸው ትሕትና ሲናገሩ ሲናገሩ ከረባታቸው በላብ ራሰ። እኛማ ድንኳን ውስጥ ነን፣ ተመስገን።

አንዲት ሴት ብድግ አለች። ሀራሙስ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ጽጌ ናት፤ ለስለቷ የገዛችውን ባለ ዘርፍ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ታቅፋለች።

«አንቺ ነሽ በትሕትና የምትበልጪኝ?» አሏት።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ የት አውቄው። ማዳም የፈቀደችልኝ እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ስለቴን ሳላገባ ሊደርስብኝ ነው። ተቀበሉኝና ልሂድ፣ እርስዎ ይቀጥላሉ።»

ቄሱ ፈጥነው ተነሱ። ጥላውን ተቀብለው፣ ጽጌን መርቀው፣ ሁላችንም እንድናየው ዘረጉት።

ሊቀመንበራችን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጠጋ ብለው ከጥላው ሥር ገቡና ንግግራቸውን ቀጠሉ።

«ልጄ፣» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው፣ «ይሄ እንኳ ለታቦቱ ነው።»

ጽጌ አፏን በነጠላዋ ይዛ እየሳቀች ወደ ሚኒባሷ ሮጠች። ስለቷ ገብቷል።

ወንበር ያገኘ ሰው ግን፣ ከዕድር እስከ ቤተ መንግሥት፣ የተዘረጋ ጥላ ሁሉ ለእሱ ይመስለዋል። የእግዜርን ክብር ስንሻማበት ትንሽም አናፍርም። እኔም ብሆን ጥላውን ፎቶ ላነሳ ብዬ መጀመሪያ ያነሳሁት ራሴን ነው።

እናንተ ዘንድስ ከታቦቱ ጥላ ሥር የሚገባው ማን ነው? ስም ሳትጠሩ ጻፉልኝ፤ ሐሜት እንዳይሆንብን።