ሳታንኳኳ የመጣችው መኪና

አባቴ ከተቀበረ በኋላ አሮጌዋ ላንድሮቨሩ ግቢያችን ውስጥ ቆማም ማንኳኳት ጀመረች። ሞተሯ ጠፍቷል፣ ቁልፏ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እሷ ግን ከሰዓት በኋላ የቢቸና ነፋስ ሲነሳ ቋ፣ ቋ ትላለች። እናቴ በሰማችው ቁጥር ከተቀመጠችበት ተነስታ በሩን ታያለች። ጎረቤቶቻችን ደግሞ “አልሄደም እኮ፣ ገና ግቢው ውስጥ ነው” እየተባባሉ በአጥራችን ሥር ሲያልፉ ያማትባሉ።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ያናድደኛል። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። ራዲያተሩ የሚቀመጥባቸው ጎማዎች እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍረዋል። ነፋሱ በፊት ፍርግርጉ ገብቶ ሲገፋው ብረት ከብረት ይጋጫል፣ በቃ። ይህንኑ ለሰው ሁሉ አስረዳሁ። ነፋስ በሌለበት ያንኳኳች ዕለት ግን ከማንም ቀድሜ ቤት የገባሁት እኔው ነኝ።

አባቴን ያሳደጉት ሞጣ የሚኖሩት ታላቅ እህቱ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ለቀብሩም አልደረሱም። መርዶ ነጋሪዎች በማለዳ ሄደው ቢነግሯቸው አንድ ጠብታ እንባ አልወጣቸውም። “ሳልቀብረው? ዋሽታችኋል” ብለው ራት ያስቀምጡለት ጀመር። ማታ ማታ የእሱን ድርሻ ከድነው፣ እሱ ሳይመጣ አልበላም እያሉ ጦማቸውን ያድራሉ። ዘመዶች ደወሉልን፤ አልቅሰው ካልወጣላቸው እሳቸውንም ልንቀብር ነው አሉን።

መላ ያመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። በእኛ አገር ባለበቅሎ ሲሞት በቅሎዋ ተጭና፣ የሟች ልብስ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ ለቅሶው መሐል ትጎተታለች። ያን እያዩ አልሞተም ብሎ መከራከር የለም። አባቴ በቅሎ አልነበረውም። “እንግዲያው መኪናዋን አምጣት” አሉኝ።

ራዲያተሩ መንገድ ላይ ከማራገቢያው ተላትሞ ቢበሳ ከለቅሶው ልንቀር ነው። ደግሞም ያን ድምፅ እየሰማሁ ወንበሩ ላይ ከምናደርገው የአባቴ ካፖርት ጋር መንገድ መውጣት አስፈርቶኛል። ገበያ ወርጄ ከበረባሶ ሠሪ ወፍራም የጭነት መኪና ጎማ ገዛሁ። ውሃውን አፍስሼ፣ ቱቦዎቹን ነቅዬ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ። እናቴ በጥቁር ልብሷ ራዲያተሩን ታቅፋ ያዘችልኝ። የድሮውን ፍርፋሪ በካቻቢቴ ስፍቅ፣

“ቀስ በል፣ እንዳታሳምመው” አለችኝ።

ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አዲሶቹን ጎማዎች በቢላ ቀርጬ፣ አስገብቼ፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ፤ ባሕር ዛፉ ተንጫጫ፣ መኪናዋ ግን ጭጭ አለች። እኔ በሥራዬ ኮራሁ። እናቴ ግን ያን ዕለት እንደ አዲስ አለቀሰች።

ሞጣ ስንደርስ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶታል። ከበሩ ውጭ ወርጄ፣ ካፖርቱን ለሾፌሩ ወንበር አልብሰን ባርኔጣውን ከላይ አደረግንበት። አክስቴ እንዲሰሙ ሞተሩን አላጠፋሁም። ወንዶቹ በገመድ ጎተቱ፤ እኔ እጄን በመስኮት አስገብቼ መሪውን ይዤ አጠገቧ እሄዳለሁ። ከጎን ሳየው ካፖርቱ መሪው ላይ ጎንበስ ያለ መሰለኝ። መሪውን ልለቀው ምንም አልቀረኝም። ሴቶቹ ጮኹ። አክስቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ጆሯቸውን አዘንብለው ሲያዳምጡ ቆዩና እጃቸውን አነሱ። ጩኸቱ ተቋረጠ።

“ይቺ የማን መኪና ናት?”

“የእሱ ናት አክስቴ፣ ይዳስሷት።”

“የእሱማ ታንኳኳለች። ገና ከገበያው ማዶ ሳለ ሰምቻት ወጡን አሞቅለት አልነበር እንዴ!” ፊታቸው በደስታ በራ። “አላልኳችሁም? እሱ በራሱ መኪና ይመጣል። ራቱን እንዳትነኩበት!”

እንደዚያች ሰዓት የጨነቀኝ ጊዜ የለም። ጎማዎቹን አውጥቼ እንድታንኳኳ ባደርግ ተስፋቸውን በገዛ እጄ መግደሌ ነው፤ ብተዋቸው ደግሞ ያ የተከደነ ራት ይገድላቸዋል። ፊታቸውን ደግሜ አየሁት። ጉንጫቸው ገብቶ አጥንታቸው ወጥቷል።

ሞተሩን አጥፍቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ብሎኖቹን አላልቼ፣ የጋለው ብረት እጄን እየለበለበኝ፣ ያን የኮራሁበትን ጎማ በፒንሳ ጎትቼ አወጣሁ። አስነሳኋት።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

አክስቴ የሚመራቸው ሰው ሳይፈልጉ ቀጥ ብለው ወደ ድምፁ መጡ። በሾፌሩ መስኮት እጃቸውን ሰድደው የካፖርቱን ትከሻ ያዙት። ጨበጡት። ጨርቁ መዳፋቸው ውስጥ ተሰበሰበ፤ ከሥሩ ምንም አልነበረም።

“ራትህ እኮ ቀዘቀዘ” አሉት ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አጥፋት ልጄ።”

አጠፋኋት። ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር። መኪናዋ አንድ ጊዜ ቋ አለች፤ አክስቴም ያኔ “ወንድሜን!” ብለው ጮኹ።