ጠጋ በሉ

ሞተር መንዳት የተማርኩት ለሥራ ነው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ፤ መሥሪያ ቤቱ አንድ አሮጌ ሞተር ሰጠኝና ከጉርድ ሾላ ጀምሮ ያለውን ሰፈር በር በር እያንኳኳሁ ዞርኩበት። ለደስታ መንዳት የጀመርኩት ቆይቼ ነው። ያስጀመረኝ ወሰን የሚባለው ሰፈር ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ጓደኛዬ ነው። ቤተሰቦቹ ድሮ እዚያው ገበሬዎች ነበሩ፤ እርሻው ሰፈር ሲሆን በተረፈቻቸው ግቢ ውስጥ ከእናቱ ጋር ይኖራል፣ ሥራውም እዚያው በራፉ ላይ ነው። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ እየተከራከረ ከእኔ ጋር በአማርኛ ይጫወታል፤ አንዱ ሌላውን አያቋርጥበትም።

እሁድ እሁድ ሰባት ሆነን እንጦጦ እንወጣ ነበር። ከፊት የምመራው እኔ ነኝ። ለምን እኔ እንደሆንኩ እንጃ፣ በዕድሜ ስለምበልጣቸው ይመስለኛል። አነዳዱን በደንብ የሚያውቀው ግን ጓደኛዬ ነበር። «አንዱ በቀኝ ከሄደ ቀጣዩ በግራ ይሁን። ማንም ማንም ላይ አይለጠፍ» ይለናል። ከፊቱ ያለው ሞተር አንድ የመብራት ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ይጀምራል፤ ሁለት ሳይል እሱም እዚያ ከደረሰ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኛ እንስቅበታለን። «ቆጣሪ አንባቢው እኔ፣ ቆጣሪው አንተ» እለው ነበር።

ከሰባታችን አንዱ አገባ። የሰርጉ ቀን ስድስታችን ሞተራችንን አጥበን፣ ሪባን አስረን አጀብነው። ሙሽሮቹ እንጦጦ ማርያምን አለፍ ብሎ ካለው ዛፍ ሥር ፎቶ ተነሡና ጉርድ ሾላ ወዳለው አዳራሽ ቁልቁል ጀመርን። ከፊታችን የቪዲዮ አንሺው መኪና አለ። ሰውየው የኋላ በሩን ከፍቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ይቀርጸናል። ከኋላችን የሙሽሮቹ መኪና ይከተላል።

ትንሽ እንደወረድን ቪዲዮ አንሺው መኪናውን አስቁሞ ጮኸ።

«ተበታትናችሁ ነው የምትታዩት! ሁለት ሁለት ሁኑ። ጠጋ በሉ!»

ጓደኛዬ አጠገቤ መጥቶ የሄልሜቱን መስታወት አነሣ።

«ቁልቁለት ላይ? አንተ ፍሬን ብትይዝ እኔ የት ልግባ?»

«አምስት ደቂቃ ነው። ሰርጉን አናበላሽበት።»

«እንግዲያው እኔ ከሁላችሁም ኋላ ልሁን።»

«ስድስት ነን። አንተ ከቀረህ አንዱ ጎን ባዶ ይሆናል።»

ትንሽ አየኝና መስታወቱን መልሶ ዘጋ። ከእኔ ኋላ፣ በቀኝ በኩል ቦታውን ያዘ። በግራው ሌላ ሞተረኛ ጉልበቱን ሊነካው ደርሷል፤ በቀኙ በድንጋይ የተገነባ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። ተነሣን። አሁንም ክፍተቱ የሰፋ መሰለኝና ግራ እጄን አንሥቼ፣ ወደ ኋላ ሳልዞር፣ ኑ ኑ አልኳቸው። ቪዲዮ አንሺው አውራ ጣቱን አሳየኝ። ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ኩርባው ላይ አንድ ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ መንገዱ ላይ ቆሟል። የቪዲዮው መኪና ድንገት ቆመ። ፍሬኔን ጨምድጄ ያዝኩ፤ ሞተሩ ወዲያ ወዲህ ዋኝቶብኝ ከመኪናው አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆመ። ተርፈናል ብዬ ሳልጨርስ ከኋላዬ ብረት ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ሰማሁ።

እኔን ላለመምታት ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ቦዩ ውስጥ ገብቷል። ሞተሩ እግሩን ከድንጋዩ ጋር አጣብቆታል። ሙሽራው ኮቱን ጥሎ እየሮጠ መጣ፤ ለአምስት ሆነን ሞተሩን አነሣንለት። ቀኝ ጫማው መዞር ወደማይገባው አቅጣጫ ዞሯል።

«መታሁህ እንዴ?» አለኝ።

«አልመታኸኝም።»

«እንኳን» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ሆስፒታል እናቱ ነጠላቸውን በአንድ ትከሻቸው ጥለው ደረሱ። ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዙኝ።

«ምን ሆናችሁ ነው ልጄ?»

«ሚኒባስ ኩርባ ላይ ቆሞብን ነው፣ እማማ።»

ውሸት አልነበረም። ሚኒባሱ ቆሞ ነበር። ለትራፊክ ፖሊሱም ይህንኑ ነገርኩት፣ ለመሥሪያ ቤት ሰዎችም፣ ለባለቤቴም። በተናገርኩት ቁጥር አፌ ላይ እየቀለለ ሄደ። የሚኒባስ ሹፌሮችን ጥፋት እያነሣሁ ረጅም ወሬ ማውራት ሁሉ ጀመርኩ።

ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። እግሩ ተረፈ፣ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም።

አንድ ቅዳሜ ሙሽራው ቤቱ ጠራኝ። ቪዲዮው ተሠርቶ መጥቶ ነበር። አደጋውን እንዲቆርጡት አድርጓል፤ ከዚያ በፊት ያለውን ግን አስቀርቷል። ዘፈኑ ይዘፈናል፣ ሪባኑ ይውለበለባል፣ እኔ ከፊት ጥርሴን ገልጬ በግራ እጄ ኑ ኑ እላለሁ። ከትከሻዬ በላይ የጓደኛዬ ሄልሜት ሲቀርብ፣ ሲቀርብ ይታያል።

«ይሄንንም ላስወጣው እንዴ?» አለ ሙሽራው፣ ፊቴን ሳያየኝ።

«እንደፈለግክ» ብዬው ወጣሁ። ሞተሬን ደጃፉ ላይ ትቼ በእግሬ ወሰን ሄድኩ።

ጓደኛዬ በረንዳው ላይ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። እናቱ መድኃኒቱንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። እሳቸው እስኪገቡ ልጠብቅ ብዬ አሰብኩና ከጠበቅኩ እንደማልናገረው ገባኝ።

«ጠጋ እንድትሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከተነሣን በኋላም በእጄ ጠራኋችሁ። ቪዲዮው ላይ አየሁት» አልኩት።

«እጅህንማ አይቼዋለሁ። ከኋላህ ነበርኩ እኮ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? እጀታውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን ኋላ መቅረት አፈርኩ። ፈሪ የምትሉኝ መሰለኝ።»

እናቱ መድኃኒቱን አልሰጡትም።

«ሆስፒታል ጠይቄህ ነበር» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ሚኒባስ ነው አልከኝ።»

ብርጭቆውን ወንበሩ ጫፍ ላይ አስቀምጠው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ስሄድ ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ልጆቼም ይጠይቁኛል። ልጄ ብለውኝ ግን አያውቁም።

ከወራት በኋላ ከቡድኑ አንዱ የአጎቱን ልጅ ሰርግ እናጅብ አለ። ተራርቀን ከሆነ እመጣለሁ አልኩ። «ያ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ እስከ መቼ ልታስፈራራን ነው?» አለኝ። ተነጋግረን አልተግባባንም፤ ሦስቱ ለብቻቸው መሄድ ጀመሩ። እሁድ አሁን እንጦጦ የምንወጣው ሦስት ነን፤ በጣም ስለምንራራቅ አብረን መሆናችንን የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ሰሞን ጉርድ ሾላ መብራት ይዞኝ ሳለሁ የሰርግ መኪኖች መጡ። ከፊታቸው ስምንት ወጣቶች በሞተር፣ መሪ ለመሪ ሊነካካ ትንሽ ቀርቶት። መስታወቴን አንሥቼ ከፊት ያለውን «ወንድሜ፣ ተራራቁ» አልኩት። ክላክሱ ስለበዛ አልሰማኝም መሰለኝ፤ ደገምኩለት።

«ፕሮግራም ነው፣ ፋዘር» አለና ሳቀ።

መብራቱ ለቀቃቸው። የምሄደው በሌላ አቅጣጫ ነበር፣ ግን ዞሬ ተከተልኳቸው። ፍሬን መብራታቸው በበራ ቁጥር የእኔ እጅ ይጨብጣል። መገናኛን አልፈው አንድ ሆቴል ግቢ ገቡ፣ ወረዱ፣ ተቃቀፉ። አንዳቸውም ምንም አልሆኑም። ቆሜ ሳያቸው ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ዛሬም አላውቀውም።

ተመልሼ ወሰን ሄድኩና ለጓደኛዬ ነገርኩት። ራሱ በሠራው አጭር በርጩማ ላይ እግሩን ወደ ፊት ቀስሮ ተቀምጦ በር ይበይዳል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አዳመጠኝ።

«ደረሱ?» አለኝ።

«ደረሱ።»

«እሰይ። በል ያን ጫፍ ያዝልኝ» አለና መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰ።